የሦስት ቀን ምግብ

በክፍሉ ውስጥ አምስት ነበርን። ነርሷ በቁመት መለኪያው ሰሌዳ ራስጌ ቆማ የሕፃኗን ጭንቅላት በሁለት እጆቿ ይዛለች። እናቷ በግርጌ በኩል ጎንበስ ብላ ጉልበቶቿን ወደ ታች ተጭናለች። ሐኪሟ መስኮቱ አጠገብ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ቁጥሩን ትጠብቃለች። ሕፃኗ በመሃል ተንጋላ ጣሪያውን ታያለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ የእናቲቱን ጃኬትና የልጅቷን ጫማ ይዣለሁ። ከአምስታችን ሌላ፣ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ስልክ ውስጥ አንድ የአማርኛ አስተርጓሚ ነበር፤ ድምፁ ይሰማናል እንጂ የት ሆኖ እንደሚያወራ አናውቅም።

ነርሷ ቁጥሩን በኢንች ተናገረች። እኔ በልቤ ወደ ሴንቲሜትር መለስኩት፤ ሰባ ስድስት። ክብደቷን ቀደም ብለው ወስደውት ስለነበር እሱንም ከፓውንድ ወደ ኪሎ መልሼዋለሁ፤ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ። ልጅቷ አንድ ዓመት ከአሥር ወሯ ነው። ሐኪሟ ኮምፒዩተሩን ወደ እኛ አዞረችው። ወደ ላይ እየወጡ የሚሄዱ መስመሮች አሉ፤ የልጅቷ ነጥብ ከታችኛው መስመርም በታች ናት። ከዚያ በፊት የነበሩት ነጥቦችም ከእሷ ብዙ አይርቁም፤ ወደ ጎን ተደርድረዋል እንጂ ወደ ላይ አልወጡም። አስተርጓሚው ገና አፉን ሳይከፍት ነገሩ ገብቶኛል። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

እንዴት እንደገባኝ ልናገር። በወጣትነቴ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስጄ ወሎ ውስጥ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ሕፃናትን መመዘንና ቁመታቸውን መለካት ነው። ሚዛኑን ዛፍ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ልጁ የጨርቅ ቁምጣ ውስጥ ገብቶ እግሮቹ ወጥተው ይንጠለጠላል፤ እሱ ያለቅሳል፣ እኔ ቁጥሩን እናገራለሁ፣ ጓደኛዬ ትጽፋለች። በዚያ ሥራ ላይ ሰባት ዓመት ቆየሁ። መቀንጨር የሚለው ቃል ያኔ እንደ ዛሬው አልተለመደም፤ ልጁ ቀጨጨ ነበር የምንለው። በረሃብ የከሳ ልጅ ለሁሉም ይታያል። የቀጨጨ ልጅ ግን አይታይም። እናቱ አባቱን መስሎ ነው ትላለች፣ ጎረቤት ዘራቸው አጭር ነው ይላል፣ ልጁም ይሮጣል፣ ይስቃል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ካልተደረሰለት ግን የጎደለው ነገር በኋላ ለመሙላት ይከብዳል፤ ቁመቱም፣ ትምህርት የሚቀበልበት አእምሮውም። ይህን ለስንት እናት እንዳስረዳሁ አላውቅም። ለልጁ የራሱን ሳህን ስጡት፣ ከትልቅ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም እል ነበር። ሕፃን አይጾምም፣ እንቁላሉን ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት ለልጁ አንድ አስቀሩለት እል ነበር።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል።

አሁን የምኖረው በፈረንጅ አገር፣ ስኮትዴል በሚባል ሰፈር፣ ከሴት ልጄ ጋር ነው። እናቲቱ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ልጅቷን ኬንያ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወልዳ በስምንት ወሯ ይዛት መጣች። ባሏ ትልቅ መኪና ይነዳል፤ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፣ ሁለት ቀን ያድራል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እሷ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ ስታገኝ ልጅቷን ማን እንደሚይዝላት ቸግሯት ደረጃው ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። እኔ ጋ ተያት አልኳት። ማንም አልጠየቀኝም፣ በራሴ አፍ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ያህል ልጅቷ የምትውለው እኔ ጋ ነው።

አላየሁም አልልም። ባለፈው መከር አንድ ቅዳሜ እናቲቱ ሁለታችንንም ፓይን ሌክ ወስዳን ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ፣ በልጅቷ ዕድሜ ያለ የሌላ ሰው ልጅ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። በአንድ ራስ ይበልጣታል። እናቲቱ የፈረንጅ ልጅ አጥንቱ ትልቅ ነው አለች። እኔም አዎ አልኩ። በየቀኑ የሚያዩት ልጅ አያጥርም፤ ያው ትናንት የነበረውን ያህል ነው።

ሐኪሟ በአስተርጓሚው በኩል ልጅቷ ምን እንደምትበላ ጠየቀች።

«ትበላለች» አለች እናቲቱ። «ቀን እማማ ጋ ትበላለች፣ ማታ ከእኔ ጋር ትበላለች። ምን ጎድሎባት?»

እማማ የምትለው እኔን ነው። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ስትል አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አልተቆጣችም። አንድ ወረቀት አወጣች። ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ የበላችውንና የጠጣችውን ሁሉ፣ በስንት ማንኪያና በስንት ኩባያ እንደሆነ ጭምር ጽፈን እንድንልክ ነገረችን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰን እንድንመጣ ቀጠረችን።

መኪና ውስጥ ስንገባ እናቲቱ ሳቀች። የአስተርጓሚው ድምፅ የቤተ ክርስቲያናችንን የሰንበቴ ሰብሳቢ ይመስላል አለችኝ። እሱ ከሆነ እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ ጉዳችን ይዳረሳል አልኳት። ቀልዱ ትንሽ አቀለለን። ክሊኒኩ ካለበት ከዲኬተር ወጥተን መብራት ስንጠብቅ ግን ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«በማንኪያ ቆጥሬ ልስጣት? የእንጀራ እናት ነኝ እንዴ?» አለች። «እማማ፣ እርስዎ ይሙሉልኝ። ፎርም ያውቁበታል።»

አልፈረድኩባትም። በእኛ ዘንድ ልጅ የበላውን መቁጠር ስስት ነው፤ ሲበላ አፍ አፉን የሚያይ ሰውም አይወደድም። ትሪው ዙሪያ ያለ ሁሉ ያጎርሰዋል፣ ከዚያ በልቷል ይባላል። ስንት ጊዜ ጎረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ስዘረጋ ግን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። መጻፍ ያለበት የቀኑ አሥር ሰዓት እኔ ጋ የምትውልበት ነበር።

የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው። በጾም እኛ ቤት ወተትም እንቁላልም አይገባም፤ ድስቱም የጾም ነው። ልጅቷ መጾም እንደሌለባት አውቃለሁ። ለእሷ ብዬ ግን ለብቻ አልገዛሁም፣ ለብቻ አልሠራሁም። ከጾሙ በፊትም ቢሆን እንቁላሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትተፋብኝ ትቼዋለሁ። የምትወደው ሻይ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ውስጥ ዳቦ ነክሬ ስሰጣት ዝም ትላለች፣ ትተኛለች። ምሳ ላይ ከእኔ ትሪ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሽሮ ትቀበልና ፊቷን ታዞራለች። ማታ እናቷ ጋ ትበላለች እላለሁ። እናቷ ደግሞ ደክማ ትመጣና፣ እማማ ጋ ጠግባ ውላለች ብላ ጁስ በጡጦ ሰጥታ ታስተኛታለች። የእናቷን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት የማውቀው የራሴን ብቻ ነበር፤ እሱም በቂ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሦስቱንም ቀን በአንድ ጊዜ ጻፍኩ። ቁርስ፣ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ወተት። ረፋዱ ላይ ሙዝ። ምሳ፣ በቅቤ የተሠራ ገንፎ፣ ስድስት ማንኪያ። መክሰስ፣ እርጎ። እራት፣ ምስርና ድንች፣ አንድ ኩባያ ወተት። በሁለተኛው ቀን ሙዙን በአቮካዶ ለወጥኩት፣ በሦስተኛው ገንፎውን በአጃ። ድሮ ለእናቶች አብሉ እያልኩ ስደረድርላቸው የኖርኩትን ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያውን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለተኛውን በጥቁር፣ ሦስተኛውን መልሼ በሰማያዊ አደረግሁት።

እስክሪብቶ መቀያየሩንም የተማርኩት ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ካየ ይቆጣል። ወንዝ ሲሞላ፣ አዝመራ ሲደርስ ግን እናቶች አይመጡም። ስለዚህ ካለፈው ወር ክብደት ላይ ትንሽ ጨምረን ባዶውን እንሞላዋለን፤ በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል ሁለት ዓይነት እስክሪብቶ እንይዛለን። ሁላችንም እናደርገው ነበር። ከወንዝ ማዶ የምትመጣ አንዲት ሕፃን ነበረች። ክረምቱን ሳላያት ሦስት ጊዜ ሞላሁላት። የዕርዳታ ዱቄት ሲመጣ ዝቅ ያሉት ልጆች ከመዝገቡ ላይ ተመረጡ፤ እሷ በጽሑፍ ደህና ስለነበረች አልተመረጠችም። መስከረም ላይ እናቷ ብቻዋን መጥታ የሕፃኗን የክብደት ካርድ መለሰችልኝ። ምን እንዳደረግሁ አታውቅም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ያን እያወቅሁ ነው ወረቀቱን የሞላሁት። ለእናቲቱ ብዬ ነው፣ ደካማ እናት መስላ እንዳትታይ ነው አልኩ ለራሴ። እውነቱን ስናገር ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። በዚያ ፎቅ ያለ ሰው ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጅ አሳዳጊ ናት፣ ድሮ በጤና ሥራ ላይ ነበረች እያለ ነው የሚያከብረኝ።

ሰኞ ማለዳ እናቲቱ ልጅቷን ስታመጣ ወረቀቱን ሰጠኋት። ሳታነበው ፈረመች።

«ጽሕፈትዎ ሲያምር» አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ አልብሶት ነበር፤ እናቲቱ መስታወቱን ሁለት ጊዜ በውኃ አጠበችው። ልጅቷ የኋላ ወንበሯ ላይ ሆና ታስነጥሳለች። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ጉርሻውን ሁለት ጊዜ መጨመር ነው። ፊቷን ስታዞርብኝ ትቻታለሁ። የአንድ ሰው እጅ አንዴ በፍርሃት ከተያዘ የለመደውን ነው የሚደግመው።

ሚዛኑ ላይ ስትቀመጥ ቁጥሩ ወደ ላይ አልሄደም። እንዲያውም መቶ ግራም ያህል ወርዷል።

ሐኪሟ ወረቀታችንን ይዛ ገባች። ያን ቀን ስልኩ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ ሴት ናት። ሐኪሟ መጀመሪያ አመሰገነችን፤ ብዙ ወላጆች እንዲህ አድርገው አይጽፉም አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቲቱ አስጠጋች። ይህን ያህል የሚበላ ልጅ ማደግ ነበረበት አለች። ካላደገች ወይ የበላችው ከሰውነቷ ጋር አይዋሃድም፣ ወይ በአንጀቷ፣ በልቧ፣ በኩላሊቷ ያልታየ በሽታ አለ፤ ስለዚህ መፈለግ አለብን፣ ደሟ ዛሬውኑ ይወሰዳል አለች።

ሁለት ነርሶች መጡ። የደም ሥሯ አልገኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ወጓት። እናቲቱ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የልጅቷን እግሮች ያዢልን ብለውኝ እኔ ያዝኩ። ቁርጭምጭሚቷ እጄ ውስጥ ይንፈራገጣል። አንድ ቃል ብናገር መርፌው ይቆም ነበር። እኔ ግን እግሮቿን አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ የባሰው ተነገረ። ኀሙስ ሆስፒታል ትገባለች። እዚያ ነርሶች እየመዘኑ ያበሏታል፤ አልበላም ካለች በአፍንጫዋ ቱቦ ያስገባሉ። ሆስፒታል ውስጥ ስትበላ ክብደት ከጨመረች ግን፣ አለች ሐኪሟ፣ በሽታ የለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሆነውን መጠየቅ ግዴታችን ነው፣ የካውንቲ የልጆች ጥበቃ ክፍልም እንዲያውቅ ይደረጋል።

አስተርጓሚዋ ይህን ሁሉ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚያነብ ሰው ተናገረችው።

እናቲቱ ከሁሉም የሰማችው አንድ ቃል ነው። ስለ ካውንቲ፣ ስለ አካባቢው መንግሥት፣ በእኛ ሰዎች መካከል የሚወራውን የማያውቅ የለም፤ መጡ ከተባለ ልጅ ይወስዳሉ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ እኔም ቃሉን ስሰማ በሩን አየሁ። እሷ ልጅቷን ከነርሷ እጅ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«እማማ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አለችኝ። «እርስዎ ጋ አይደል የምትውለው? ምን እንደምትበላ ይንገሯቸው።»

ሐኪሟን እያየሁ በእንግሊዝኛ መለስኩ።

«ትበላለች» አልኩ። «በደንብ ትበላለች።»

ማክሰኞ ማለዳ እናቲቱ ልጅቷን እንደ ወትሮው አመጣቻት። ክንዷ ላይ ፋሻ አለ። ባሏ ቴክሳስ እንዳለ፣ ከቅዳሜ በፊት እንደማይደርስ፣ ለኀሙስ ከሥራ ኦፍ እንደወሰደች ነገረችኝና ደረጃው ላይ ቆመች፤ ወደ ሥራ መሄድ አቃታት። ምን በሽታ ይሆን አለችኝ። የካምፑ ውኃ ይሆን ወይስ የጡቷ ወተት ይሆን የጎዳት ብላ ጠየቀችኝ። እኔን እንደ ሐኪም ነበር የምታየኝ። ሥራ ይረፍድብሻል አልኳት።

ብቻችንን ስንቀር የልጅቷን ደህናውን ክንድ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ከበብኩት። ጣቶቼ ተገናኝተው አለፉ። ድሮ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የክንድ መለኪያ ነበረን፤ እጄ ስለለመደው የትኛው ቀለም ላይ እንደምትወድቅ ለማወቅ መለኪያው አላስፈለገኝም። በጋሪዋ አስቀምጬ መንገዱ ዳር ወዳለው ሱቅ ሄድኩ፣ እንቁላልና ወተት ገዛሁ። መንገድ ላይ ከኋላዬ መኪና ቀስ ባለ ቁጥር ካውንቲ የመጣብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እንቁላል ቀቅዬ አደቀቅሁት። በትንሽ ሳህን፣ ለብቻዋ አቀረብኩላት። ሻይ አላፈላሁም። አለቀሰች። ጠበቅሁ። ሳህኑን ገፋችው። መልሼ አስጠጋሁላት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንሆን ቆይተን አፏን ከፈተች። ሙሉውን በላች። ሳህኑ ላይ የቀረውን በጣቷ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ቀቀልኩላት። እሱንም በላች፣ ወተትም ጠጣች።

ከሁሉም ጊዜ ይልቅ የፈራሁት ያን ሰዓት ነው። የታመመ ልጅ እንዲህ አይበላም።

ልጄ ከሥራ እንደገባች ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ እንቁላል ነው የሸተተኝ?» አለች። «በሁዳዴ?»

ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ዝም እንድል መከረችኝ። የዜግነት ቃለ መጠይቄ መቃረቡን፣ ስሜ ካውንቲ ፋይል ውስጥ ከገባ ማን እንደሚያወጣው እንደማይታወቅ አስታወሰችኝ። ደግሞስ ምን ትሆናለች አለችኝ፤ ሆስፒታል ትገባለች፣ ያበሏታል፣ ትወፍራለች፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለራስሽ አስቢ፣ ፕሊስ አለችኝ። ልጄ ክፉ ሰው አይደለችም። እኔም ከእሷ በፊት ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን በዚያው እንደማያልቅ አውቃለሁ። ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ መብላቷ አይቀርም፤ ሳህኑን በጣቷ ስትጠርግ አይቻታለሁ። ስትበላ ክብደት ትጨምራለች። ስትጨምር እናቷ ትጠየቃለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእናቷ ነው። ልጅቷን የሚወስዱባት እኔ በጻፍኩት ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እናቲቱ ልጅቷን ወስዳ ወደ ቤቷ ከወጣች በኋላ፣ ልነግራት ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። የልጅቷን ልብሶች እያጠፈች ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ስትከት አየኋት፤ ከላይ የጥምቀት ነጠላዋን አደረገችላት። ሳታየኝ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ወጣሁ። ሁለተኛውን ጊዜ በሩ ድረስም አልደረስኩም።

ኀሙስ ወደ ሆስፒታል ከመሄዳችን በፊት ክሊኒኩ ጋ የመግቢያ ወረቀት መቀበል ነበረብን። አብሬ ልምጣ ስላት ፊቷ በራ። እርስዎ ካሉልኝማ አልፈራም አለችኝ። መንገዱን ሙሉ እኔ ነኝ የፈራሁት። እጆቼን ጭኖቼ መካከል ደብቄ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ ስትገባ የሆስፒታሉን ወረቀትና የእኛን ወረቀት አንድ ላይ ይዛ ነበር። ስልኩን አበራች፤ የሰኞዋ አስተርጓሚ ናት። ሐኪሟ ከመቀመጧ በፊት የምናገረው አለኝ አልኩ። በእንግሊዝኛ መናገር እችል ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላጣም። ግን እናቲቱ ከስልክ ውስጥ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ወደ እሷ ዞሬ በአማርኛ ተናገርኩ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ነው» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ውስጥ አንዱንም አላበላኋትም።»

ከዚያ አስተርጓሚዋ፣ ሰኞ ባልሰማሁት ድምፅ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እናቴ፣ ይህን እንደተናገሩት ልተርጉመው?»

«እንደተናገርኩት ተርጉሚው።»

ሐኪሟ ቁጭ አለች። ታዲያ ምን እንዳበላኋት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሻይ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር። ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ፣ ግማሹ መሬት ይወድቃል። ሽሮ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጉርሻ። ወተት የለም። እንቁላል የለም። ማክሰኞ ሁለት እንቁላልና ወተት፣ ትናንትም እንደዚያው። እኔ አንዱን ስናገር አስተርጓሚዋ ትከተለኛለች፣ ሐኪሟ ትጽፋለች። እናቲቱ ወለሉን ታያለች። ሻይ ያልኩ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

ሐኪሟ ማታ ማታስ ብላ እሷን ጠየቀቻት።

«ጠግባ ነው የምትመጣው ብዬ...» አለች እናቲቱ። «ጁስ ነው የምሰጣት።»

ከዚያ በኋላ ሐኪሟ ብዙ ደቂቃ ኮምፒዩተሩን ስታይ ቆየች። የሆስፒታሉን ወረቀት ገለበጠችው። ዛሬ አትገባም አለች። የደሙ ውጤት ከደም ማነስ በስተቀር እስካሁን ክፉ ነገር አላሳየም። በየሳምንቱ እየመጣች ትመዘናለች፤ የምግብ ባለሙያ ቤት ድረስ ትመጣለች። ክብደቷ ከጨመረ ለካውንቲ የሚነገር ነገር አይኖርም፤ ካልጨመረ ሆስፒታሉ አለ። ቁመቷስ ብዬ ጠየቅሁ። አሁን ከተጀመረ የተወሰነው ይመለሳል አለች፤ ሁሉም ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ይህን እኔ ራሴ ለሌሎች እናቶች ተናግሬዋለሁ፣ በዚያው ቃል ማለት ይቻላል።

ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ ቀን ቀን ከማን ጋር እንደምትሆን ጠየቀች።

እናቲቱ አልቸኮለችም። የልጅቷን ካልሲ ወደ ላይ ሳበችላት።

«ሥራውን አቆማለሁ» አለች። «ከእኔ ጋር ትውላለች። ሌላ ሰው ጋ አትሄድም።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመችው። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ሆና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እናቲቱ እጇን ቀስ ብላ ሰብስባ በራሷ መዳፍ ውስጥ ያዘችው።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለችኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ።